የተደፈነው መተንፈሻ

— ሄሎ… አቤት… ማን ልበል?… ማን?… ኧረ ተው! ታናሼ ነህ? አራት ዓመት ሙሉ ድምፅህን ረስቼው… ምን አልከኝ? «ጋሼ»? እንግዲያው የሆነ ነገር ተሰብሮብሃል።

— አንቺ፣ ሬዲዮኑን ቀንሺው እስቲ… ወንድሜ ነው… አዎ፣ ባለዲግሪው።

— እሺ፣ ቀጥል… የአባባ መኪና?… ዳገቱ መሃል። ከማን ጋር ነህ?… እማዬን ይዘህ? ዛሬ ነው እንዴ የዓይኗ ኦፕራሲዮን? ለኔማ ማን ይነግረኛል!… ቀጠሮው ስንት ሰዓት ነው?… ስምንት። ገና አምስት ተኩል ነው፣ ይደረሳል። አትጩህብኝ። መኪናዋ ምን ሆነች? ከመጀመሪያው ንገረኝ።

— የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተስፈንጥሮ ወጣ… ዘይቱም ኮፈኑን ከውስጥ አለበሰው… ሞተሩን አጥፍተሃል?… ጎሽ። ይህቺን እንኳ አውቀሃል።

— አሁን ከሞተሩ ራስ ላይ የምትወጣ፣ አውራ ጣት የምታህል የጎማ ቱቦ ፈልግ። እሷ የሞተሩ መተንፈሻ ናት… አየሃት? ጫፏ ላይ ምን አለ?… ቡሽ?! ቡሽ ወተፍክባት?… ማን መክሮህ?… ራስህ አስበህ! ዘይት እያንጠባጠበች ግቢህን ስላቆሸሸችብህ ትናንት አፏን ደፈንካት።

— እኔ አፍና አፍንጫህን ግጥም አድርጌ ብይዝህ ምን ትሆናለህ?… እህ! እሷም እንደዚያው ናት። ያረጀ የናፍጣ ሞተር ነው፤ የፒስተኑ ፋሻ፣ ዙሪያውን የሚያጠብቀው ቀለበት፣ አልቋል፣ ጋዙ ወደ ታች እያመለጠ ዘይቱ ላይ ይጠራቀማል። በመተንፈሻው ካልወጣ ዘይቱን ገፍቶ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። ዘንጉን መወርወሩ እንኳን በጀህ፤ የኋላውን ጎሚኒ፣ ዘይት የሚያግደውን ጎማ፣ ቢያፈነዳው ኖሮ ሞተር ማውረድ ነበር።

— እዚያ ቱቦ ጫፍ ላይ እኮ አንዲት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበረች። እኔ የበየድኳት። ውስጧ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ ከሥሯ ማፍሰሻ ብሎን። ጋዙ ያልፋል፣ ዘይቱ ሽቦው ላይ እየቀረ ታች ይጠራቀማል። አባባ በየሳምንቱ ከማፍሰሱ በፊት ዘይቱ የደረሰበትን ልክ ጎኗ ላይ በምስማር ይጭር ነበር። ጭረቱ ከፍ ካለ ሞተሩ ደከመ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ሳይሄድ!… የታለች?… «አስቀያሚ ስለነበረች ጣልኳት»። አውቃለሁ። አዲሱ ቤት የገባህ ዕለት ነው። መኪናውን ለእንግዳ ስታሰማምር ቆርቆሮዋን ጣልካት፣ እኔን ደግሞ «መካኒካችን ነው» ብለህ አስተዋወቅከኝ… አልረሳሁትማ! ምን ያስረሳኛል?… እሺ፣ እሺ፣ ይቆይ። ቡሹን አውጣ።

— ወጣ?… አይ! አይ! ወደ አየር መሳቢያው እንዳትሰካት! ሞተሩ ያንን ሁሉ ዘይት ስቦ እሱኑ ያቃጥለዋል፤ ቁልፍ ብታጠፋ እንኳ አይቆምልህም፣ እስኪሰባበር ይጮሃል። የውሃ ፕላስቲክ አለህ?… ቱቦዋን ባንገቱ አስገባ። ከአንገቱ ዝቅ ብለህ ሁለት ቦታ ብሳው፣ ጋዙ መውጫ ያግኝ… በቁልፍህ ጫፍ ነዋ! ከዚያ ከጭስ ማውጫው አርቀህ እሰረው… ሽቦ ከሌለህ የጫማህን ክር ፍታ… ውድ እንደሆነማ አውቃለሁ። ጫማውን አይደለም፣ ክሩን ነው ያልኩህ።

— ዘንጉን ጠርገህ መልሰው፣ አውጥተህ እየው… ጫፉን ብቻ ነካ? አይበቃም። ማነው ከጎንህ የሚያወራው?… የጭነት መኪና ሹፌር። የሞተር ዘይት ይኖረዋል?… ተባረክ በልልኝ… ምን አለህ? ከማን ጋር ነው የምታወራው አለህ?…

— …ሰምቼሃለሁ። «ከመካኒክ ጋር» አልከው።

— ምንም አላልኩም። ዘይቱን ጨምር። ከታችኛው ምልክት ከፍ፣ ከላይኛው ዝቅ፤ መሃል ላይ አቁም። ብትሞላት ትርፉን መልሳ ትተፋዋለች… ደረሰ? አስነሳና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋልኝ።

— …እህ… እህ… በቃ። ታስላለች እንጂ ደህና ናት። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ውጣ፣ ነዳጅ አትርገጥባት። አናቱ ላይ ስትደርስ ቆመህ ፕላስቲኩንም ዘንጉንም እይ። አሁን እማዬን ስጠኝ… ስጠኝ አልኩህ።

— እማዬ… አዎ፣ እኔ ነኝ… ደህና ነኝ፣ አንቺስ?… ኧረ አልተጣላንም! ሥራ በዝቶብኝ ነው… አዎ፣ አራት ዓመት ሙሉ በዛ… አታልቅሺ፣ ዛሬ ለዓይንሽ ጥሩ አይደለም። ይልቅ ስሚኝ። ዓይንሽ ቢደክምም አፍንጫሽ ደህና ነው አይደል?… እኮ! መስኮቱን ዝቅ አድርጊው። የተቃጠለ ዘይት ከሸተተሽ ወዲያው አቁም በይው… ግድ የለሽም፣ አንቺን አይከራከርም። ማን ነገረሽ ካለሽ፣ መካኒኩ አትበይው። ልጄ ነው በይው… ልጄ… ሄሎ? እማዬ? ትሰሚኛለሽ?… ሄሎ?

— ተቆረጠ… አይ፣ ይደርሳሉ። እስቲ ካልጋው ሥር ያቺን ቆርቆሮ አውጪልኝ… አዎ፣ ያን ዕለት ከቆሻሻው ያነሳኋትን… ለሱ? ለሱማ ምን በወጣኝ! እናቴ በዚያችው መኪና አይደል የምትመለሰው?… ምስማርም አምጪልኝ።