ለራስ ምታት ሰበታ ድረስ

ያን ቀን ሰበታ መሄዴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ካረጥኩ ዓመታት አልፈው ደም ይፈሰኝ ጀምሮ ነበር። ቡራዩ ጤና ጣቢያ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው ራቅ ያልኩት። ሰበታ ጤና ጣቢያ ገብቼ ሳይ መርማሪዋ የድሮ ተማሪዬ ሆና ቁጭ ብላለች። ደንግጬ «ራሴን ያመኛል» አልኳት።

«ቲቸር፣ ለራስ ምታት ከቡራዩ ሰበታ ይመጣል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ፊቴን አይታ ሳቋን ተወችና ተነሥታ በሩን ዘጋች። «እናቴም ራሴን ስትል ነው የከረመችው። ለካ ማህፀኗ ኖሯል። አፍራ አፍራ ስትነግረን መሽቶብን ነበር።» ያኔም «ኧረ ራሴን ነው» ብያት የጻፈችልኝን ኪኒን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቡራዩ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ካርድ ክፍል ተሰለፍኩ። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ስባል «ማህፀኔን» አልኩ።