አምስት ሰው፣ ስድስት ጫማ

— ሄሎ... አቤት፣ እናቷ ነኝ... ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት? ምነው፣ ልጄ ደህና ናት?... ተመስገን። ልቤን ቀጥ አደረጉት እኮ።

— አዎ፣ የቆጠራው ጨዋታ። «ከቤተሰባችሁ ከየሰዉ አንዳንድ ዕቃ አምጡና ቁጠሩ» ያሏቸው... ማታ አብረን ተለማምደናል። ምን ይዛ መጣች?... ጫማ?

— አንዴ ይጠብቁኝ። አንተ፣ ከአልጋው ሥር ውጣ፣ ጫማህ ተገኝቷል። ትምህርት ቤት ሄዷል... አንዱ ብቻ። የእኔም አብሮ ሄዷል፣ ምን ላድርግህ። እማማ፣ የእርስዎም እዚያው ነው፤ ድመቷን አይርገሟት።

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል?... ባሌና አማቴ ናቸው። ወንድሜማ በኳስ ጫማው ሥራ ሄደ... አይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥንድ ጥንዱን ከቆጠረች እጥፍ ይሆንባታል ብዬ «ለአንድ ሰው አንድ ጫማ» ያልኳት እኔ ነኝ።

— ስንት አለች?... ስድስት?... የመመዝገቢያ ቅጿ ላይማ የቤተሰቡ ቁጥር አምስት ነው። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ብቻዬን የሞላሁት የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ቁጥሩን ገልብጬው ይሆን?... በትክክል ተጽፏል? እሰይ። አዎ፣ አምስት ነን፤ እኔ፣ አባቷ፣ አያቷ፣ አጎቷ፣ እሷ።

— ምን?... ቆጠራ ካልቻለች አንደኛ ክፍል አትገባም?... ኧረ ቲቸር፣ ይቺ ልጅ ደረጃ ስትወጣ ትቆጥራለች፣ ሽንኩርት ስከትፍ ትቆጥራለች፣ አያቷ ሲያስነጥሳቸው ትቆጥራለች። እስቲ ስድስተኛው ምን ዓይነት ጫማ ነው?

— ቢጫ... የክር... አውራ ጣት የምታህል...

— አለሁ፣ አልተቋረጠም። ምንም አይደለም እማማ፣ ስለ ትምህርት ነው የምናወራው።

— የአሻንጉሊቷ ይሆናል። አዎ፣ አይቆጠርም ይበሏት... አለቀሰች?... «የሰው ነው» አለች? የማን ሲሏት አፏን በእጇ ያዘች?

— ቲቸር፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገርዎት። መሳቢያ ውስጥ ስደብቀው አየችኝና «የሚመጣው ሕፃን ጫማ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። ይኸው አልተናገረችም፤ ቆጠረች እንጂ። ለባሌም ገና አልነገርኩም፤ እሱ ሰማ ማለት እናቱ ሰሙ ማለት ነው። እሳቸው ከሰሙ ደግሞ እስከ ምሳ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ስም ያወጣለታል...

— አልተሰማዎትም?... ምኑም?... እርሳስ አንስተዋል? ኤክስ ሊያደርጉባት?

— ቆይ፣ ቲቸር። ቆይ። እሺ፣ ጮክ ብዬ ልናገር። ልጄ አልተሳሳተችም። ስድስት ነን። ስድስተኛው ሆዴ ውስጥ ነው።

— እማማ፣ መስኮቱን አይክፈቱት፣ ለጎረቤት በኋላ ይነግራሉ። አንተም ተቀመጥ፣ በአንድ ጫማ እየዘለልክ ትወድቃለህ... አላለቅስም፣ ሽንኩርት ነው።

— ሄሎ... አመሰግናለሁ ቲቸር። ልክ ብለው ጻፉላት?... ቅጹን? አይ፣ እሱን አይንኩት። ስድስቱን መጥቼ በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ... አሁኑኑ፣ በባሌ ሸበጥ። እስክደርስ ግን ለልጄ እጇን ከአፏ ላይ እንድታነሳ ይንገሩልኝ። እናትሽ ራሷ ተናገረች ይበሏት። ቻው።