የምንጣፉ አቧራና ነጩ ወረቀት

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የሙያ አጋሮች፤ ከሁሉም በላይ በዚህ ሰው እጅ ያለ ዕድሜያችሁ ያረጃችሁ ሙሽሮች፤ ሁላችንንም ያጽናን።

እኔ ካሜራ ያዡ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰርግ ቪዲዮ አብረን ሠራን፤ እኔ ሌንስ ስወለውል፣ እሱ ምስሉ ላይ አቧራ ሲነሰንስ። ሰፈሩ «አቧሬ» ይለዋል። ዋና ስሙን የሚያውቀው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነበር።

ምን ያላደረገው አለ? የትናንቱን ሰርግ የዛሬ አርባ ዓመት ያስመስለዋል። ቀለሙን ያገረጣዋል፤ ጥግ ጥጉን ያጠቁረዋል፤ ጭረት ያወርድበታል። ኮምፒውተሩ ላይ ተዘጋጅቶ የመጣ አቧራ ነበረ። እሱ ግን «የሰው አቧራ ቤቴ አይገባም» አለ። ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ስታራግፍ፣ ከኋላዋ ጥቁር ጨርቅ ሰቅሎ የሚቦንነውን ቀረጸ።

«አንቺ፣ ጠበቅ አድርገሽ ምቺው እንጂ።»

«ምንጣፉን ነው አንተን?»

ያ ከምስሉ ጋር የሚሰማው የድሮ ፊልም ማሳያ ድምፅስ? የእሷ የስፌት መኪና ነው። እዚህ የቆማችሁ ሁሉ፣ ሰርጋችሁ ላይ የዘነበው የዚህ ቤት አቧራ ነው። ሳታውቁት ዘመድ ሆናችኋል።

አንድ ቀን የሙሽራ እናት የሰርጉ ቪዲዮ ያለበትን ፍላሽ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ስቱዲዮአችን ገቡ። «ልጆቼ፣ ልጄን የዳርኳት ባለፈው ወር ነው። ምነው ከእኔ ቀድማ ያገባች አስመሰላችኋት?» አቧሬ ፍንክች አላለም። ወንበር ሳበላቸው። «እስቲ እንደገና ይዩት፣ እማማ።» አዩት። መሀረባቸውን አወጡ። «እናቴን መሰለች» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ወንበሩን ማስለቀቅ ነው ያቃተን።

ለምን እንደሚያደርገው ጠይቄዋለሁ። የእናቱ ምስል ያለበት አንድ ጥቅል ፊልም ነበረ፤ በልጅነቱ ቤት ሲቀየር ጠፋ። «አዲስ ምስል ሰው ያየዋል» አለኝ። «አሮጌው ላይ ግን ሰው የራሱን ሰው ይፈልጋል።»

ጥፋትስ አልነበረበትም? በቀብሩ ቀን ሁሉም ሰው ደግ ነው። እኔ ግን ያየሁትን እናገራለሁ። ካስረጀ በኋላ ንጹሑን ቅጂ ይሰርዘዋል። «ወጣቱ እያለ ሽማግሌውን ማን ያከብረዋል?» እያለ።

ትናንት ልጁ መጣች። «ጋሼ፣ አባዬን ጥርት አድርገህ አሳየኝ።» ኮምፒውተሩን ከፈትን። ልደቷ ላይ አለ፤ በጭረት ተሸፍኖ። ምርቃቷ ላይ አለ፤ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ። ሁሉም ቦታ አለ፤ የትም አይታይም። ስክሪኑን በእጅጌዋ ጠረገችው። አቧራው ከውስጥ ነው፤ በምን ይለቃል?

ያኔ የካሜራዬ ካርድ ትዝ አለኝ። ቀረጻ ሊጀመር ሲል ሁሌም ነጭ ወረቀት ይዞ ፊቴ ይቆማል፤ ካሜራው ነጭን እንዲለይ። ያን ለማንም አንሰጥም፤ ስለዚህ ማንም አያስረጀውም። እኔ ደግሞ፣ ስንፍናዬ ይባረክና፣ ካርዴ ላይ ያለውን አልሰረዝኩም።

አሥራ አንድ ሰከንድ ተገኘ። ወረቀቱን ከአገጩ ሥር ይዟል። ያልተላጨው ጺሙ አንድ በአንድ ይቆጠራል። «ፊቴን ተወው፤ ወረቀቱን እይ» ይላል።

ልጁ ወረቀቱን አላየችም።

አቧሬ፣ ወንድሜ፤ «ስሞት እኔንም አስረጀኝ» ብለኸኝ ነበር። እሺ ብዬህ ነበር። ቃሌን በልቻለሁ። ንጹሑን ለልጅህ ሰጠኋት፤ እንዳይጠፋባትም ሦስት ቦታ ገለበጥኩላት። የአንተን ድርሻ አቧራ ይኸው በእጃችን ይዘናል፤ ተቀበለን። ፊትህን ግን ለእሷ ተውላት።

ደህና ሁን።