ሳይፈረም ስላልተከፈተው ካርቶን የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ በተለየ ቅጽ ተይዟል፤ በሥራ ቦታውና በሰፈሩ «አንቀጽ» ተብሎ ይጠራል
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ በሕክምና ዕቃዎች መደብር ዕቃ አስረካቢና ሹፌር
አድራሻ፦ ከመደብሩ ጀርባ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው የኪራይ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20
ቃሉን የተቀበለው፦ የዕለቱ ተረኛ መርማሪ

ከሁሉ አስቀድሞ እንዲመዘገብልኝ የምጠይቀው ከባድ ጉዳይ አለ። ይኸውም በካርቶኑ አፍ ላይ የነበረው ቢጫ ፕላስተር ከመደብሩ ከወጣበት ሰዓት አንስቶ እስከ ተፈረመበት ደቂቃ ድረስ አልተነካም፣ አልተላጠም፣ በጥፍር እንኳ አልተጫረም። ካርቶኑን ያደረስኩበት ሕንፃ ጥበቃ «ጥጉ ተነስቶ ነበር» ሲል ቃሉን መስጠቱን ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። ጥጉ የተነሳው ከፋብሪካ ነው። ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ። ወደ ሟች ጉዳይ በተራው እመጣለሁ።

በመደብሩ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። «አንቀጽ» የተባልኩት፣ ስለ ሽያጭ ውል የሚናገረውን የሕጉን ክፍል ፎቶ ኮፒ አስደርጌና አስጠርዤ በደረት ኪሴ ስለምይዝ ነው። ሕግ በማታ ትምህርት ጀምሬ በሁለተኛው ዓመት አቋርጫለሁ፤ ያቋረጥኩት ግን ርክክብ የሚለውን ምዕራፍ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ ለሥራዬ የጎደለኝ ነገር አልነበረም።

መርማሪው ባይጠይቁኝም ሕጉን ባጭሩ አስረዳለሁ። ሻጭ ዕቃውን ለገዢ የማስረከብ ግዴታ አለበት። ዕቃው ከርክክብ በፊት ቢሰበር፣ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ጉዳቱ የሻጭ ነው፤ ከርክክብ በኋላ ግን ገዢው ራሱ ይቻለው። ቦታን በሚመለከት፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ርክክብ የሚፈጸመው በሻጩ የሥራ ቦታ ነው። ገዢው ለመረከብ ቢዘገይስ የሚለውን ልቀጥል ስል መርማሪው «ወደ ጉዳዩ ግባ» ስላሉኝ ገብቻለሁ።

የመደብራችን አሠራር ገዢው ራሱ ካልፈረመ ፕላስተር አይቀደድም የሚል ነው። አሠራሩ የወጣው በእኔ ምክንያት ነው። ካቻምና አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ለገዢው ጎረቤት አስፈርሜ ትቼ ሄድኩ። ጎረቤትየው «እስኪ ልሞክረው» ብሎ ተቀምጦበት ከነወንበሩ በደረጃ ወረደ። ገዢው «እኔ አልተረከብኩም» አለ፤ ጎረቤትየው «እኔ አልገዛሁም» አለ፤ ባለ መደብሩም ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው «ታዲያ ወንበሩ የማን ነው? የአክስትህ?» እያሉ አፈር ድሜ አበሉኝ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በእጅ ጽሑፋቸው በመጋዘኑ በር ላይ ተለጥፏል። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ ለማንም ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም አዛኝ አስረክቤ አላውቅም።

ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ፀጉር አስተካካይ ወደ መደብሩ መጣ። እናቱ ሳንባቸው ደክሞ በአንዲት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር እየተረዱ እንደሆነ፣ እሷም ልታልቅ እንደተቃረበች ነግሮን፣ ኦክስጅን ከአየር ላይ እያጣራ የሚሰጥ ማሽን ጠየቀ። ማሽኑ ሐሙስ ጠዋት እንደሚገባ ተነገረው። የውሉን ቅጽ ቤቱ ወስዶ ረቡዕ ተፈርሞበት መለሰልኝ። ቅጹን ተቀብዬ ማኅደሬ ውስጥ ከተትኩና፣ ሰውየው ጭንቅ ብሎት ስላየሁ ስለ ርክክብ ቦታ ትምህርት ሰጠሁት። «ስማኝ ወንድሜ፣ ሻጭ ቤትህ ድረስ ተሸክሞ የማምጣት ግዴታ የለበትም። ሐሙስ በጠዋት አንተው ከች በል» አልኩት። እሱም «ውሉ ላይ ግን እኮ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። «ሕጉን ለኔ ተወው» ብዬ አሳረፍኩት።

ዛሬ ሐሙስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ ገባ። ባለ መደብሩ «ሳትዘገይ ቤታቸው አድርስ» ብለው አዘዙኝ። ሻጭ በገዛ ፈቃዱ ከግዴታው በላይ ደግ ቢሆን የሚከለክለው ስለሌለ፣ ደግነታቸውን በልቤ እያደነቅሁ 3 ሰዓት ላይ በጓሮ በር ወጣሁ። እኔ በጓሮ ስወጣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ባስተማርኩት መሠረት፣ በፊት ለፊት በር ገብቷል። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሰው የነገርኩትን እንዲህ በጥሞና መከተሉ ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ያሰኘኝ ነበር።

ከሕንፃው የደረስኩት 3 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። ሕንፃው አምስት ፎቅ ሲሆን አሳንሰር አለው፤ አይሠራም። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩ ላይ የተቀበለኝ ጥበቃው ነው። ወታደር ቤት ደጃፉን ረግጦ ባያውቅም ነዋሪው «ሻምበል» ይለዋል። ካርቶኑ 26 ኪሎ ስለሚመዝን አብረን ተሸክመን በየፎቁ እያረፍን ወጣን። በሁለተኛው ፎቅ ላይ ሻምበል ላቡን እየጠረገ «ቲቸር ይቺን ሲጠብቁ ዓይናቸው ፈጠጠ» አለኝ። ቲቸር የሚላቸው የፀጉር አስተካካዩን እናት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ መሆናቸውንም ነገረኝ።

መኝታ ክፍሉ ጠባብ ነው። ከመስኮቱ ሥር የብረት አልጋ አለ። ከግድግዳው ሶኬት እስከ አልጋው ራስጌ ድረስ የኤሌክትሪክ ገመድ ተዘርግቶ በቆየ ፕላስተር ተይዟል። በወለሉ ላይ የማሽኑን ልክ የሚያህል አራት ማዕዘን በጠመኔ ተሠምሯል፤ ቲቸር ራሳቸው ለክተው ልጃቸውን እንዳሠመሩት ሻምበል ነገረኝ። ካርቶኑን ልክ በመሥመሩ ላይ አሳረፍኩት። ከአልጋው አንድ እርምጃ ይርቃል። ቲቸር የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ይተነፍሱ ነበር። የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ ቀዩ ላይ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለዎት ቲቸር» አልኳቸው።

«ክፈተው» አሉኝ።

ልጃቸው የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። «አንተ ጋ… አስተምረኸው የለ» አሉ። የሚናገሩት ሁለት ሁለት ቃል እያሉ ነው። ቀጥለውም እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ይቅርታ ጠይቄ፣ የሚፈርመው ገዢው እንደሆነ ነገርኳቸው።

«የምተነፍሰው… እኔ ነኝ» አሉ።

መተንፈስና መረከብ በሕግ የተለያዩ መሆናቸውን በአክብሮት አስረዳሁ። ቲቸር አየት አደረጉኝና «እኔ ክፍል ብትሆን… ትደግም ነበር» አሉኝ። ሻምበል ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ቀልድ ስለምወድ ፈገግ አልኩ። ከዚያም «ወረቀቱን እየው» አሉኝ። የርክክብ ቅጹን አየሁት፤ የተረካቢ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጊዜ የደከማቸው መስሎኝ ነበር።

4 ሰዓት ከ5 ላይ ፀጉር አስተካካዩ ከመደብሩ ደወለልኝ። ባለ መደብሩ ወደ ሌላው መጋዘን ሄደው በቦታው ስላልነበሩ፣ ሻምበል ደውሎ እስኪነግረው ድረስ ማሽኑ ቤቱ መድረሱን አላወቀም ኖሯል። ገና ሃሎ ሳልል «አንቀጽ፣ ክፈትላት!» ብሎ ጮኸብኝ። ፊርማ በስልክ እንደማይሆን ነገርኩት።

«በእናትህ!» አለኝ።

«እናቴን እዚህ ውስጥ አታስገባ» አልኩት።

«ሰውዬ፣ ልትሞት ነው እኮ!»

«እንግዲያው ቶሎ ና» ብዬ ዘጋሁ። መምጣቱን ያፋጠነው ይህ ምክሬ መሆኑ ይታወቅልኝ። መንገዱ እየተቆፈረ ስለሆነ ከመደብሩ እስከ ሕንፃው በሩጫም በታክሲም ቢሆን ከአርባ ደቂቃ ያነሰ አይፈጅም።

በዚህ መሐል ሻምበል ከማድ ቤት ቢላ ይዞ መጣ። በካርቶኑ ላይ ለምን እንደተቀመጥኩ ተጠይቄ የምመልሰው፣ የተቀመጥኩት ለማረፍ ሳይሆን ከዚሁ ቢላ ዕቃውን ለመከላከል መሆኑን ነው። ክብደቴ 94 ኪሎ ነው። በካርቶኑ ላይ ከባድ ነገር አይጫንበት የሚል ምልክት ስላለ የተቀመጥኩት በአንድ ጎኔ ብቻ ነው። ሻምበል «ተነስ አንተ የድንጋይ ልብ!» እያለ ኮሌታዬን ይዞ ጎተተኝ። ያን ጊዜ የተበጠሰውን ቁልፍ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ፤ የተረከቡበትንም ወረቀት አስፈርሜያለሁ።

ቲቸር መዳፋቸውን አንስተው «ቤቴ ውስጥ… ድብድብ የለም» አሉ። ክፍል ሲቆጣጠሩ የኖሩ ሰው በመሆናቸው ሁለታችንም ጸጥ አልን። ሻምበል ቢላውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ አምቡላንስ ጠራ። «መንገድ ላይ ነን» አሉት። እሱም አምቡላንሱንም ልጁንም መንገድ ላይ ሊጠብቅ እየሮጠ ወረደ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

ቲቸር ስንት ደቂቃ እንደቀረው ጠየቁኝ። ወደ ሃያ አምስት ይሆናል አልኩ። የሲሊንደሩን መርፌ አዩ፤ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ በአንሶላው ላይ በጣታቸው አንድ ነገር ጻፉ፣ ከሥሩም መሥመር አሠመሩ።

«አይደርስም» አሉ።

ጎበዝ ልጅ እንዳላቸውና እንደሚደርስ ነግሬ አጽናናኋቸው። ቢላው መስኮቱ ላይ፣ እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለቱንም አዩ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ «ጥፋቱ የሱ… እንዳይመስለው… ንገረው» አሉኝ። እሺ አልኩ። መልእክቱን ለልጁ እስካሁን አላደረስኩም፤ ፊቴን ሊያይ ፈቃደኛ ስላልሆነ በዚህ ቃሌ ውስጥ ተመዝግቦ በፖሊስ በኩል እንዲደርሰው እጠይቃለሁ።

4 ሰዓት ከ30 ገደማ የሲሊንደሩ ሽውታ ቆመ። ቲቸር የሚያወጡት ድምፅ ለጥቂት ደቂቃ ጨምሮ ነበር። እኔም ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩላቸው፤ መስኮት መክፈት ፊርማ አያስፈልገውም። ወደ ደረጃው ወጣ ብዬ ሁለት ጊዜ «ሻምበል!» ብዬ ተጣራሁ፤ አልሰማኝም። ተመልሼ ስገባ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጸጥ ብለው ነበር። ያሸለባቸው መስሎኝ እንዳይረበሹ የስልኬን ድምፅ ቀነስኩ። ሰዓቱ 4 ከ38 ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ 4 ሰዓት ከ50 ላይ እየሮጠ ገባ። የሥራ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። «እማዬ» ሲል ቅጹን ዘረጋሁለት። ቀና ብሎ ሳያየኝ ፈረመ። ፊርማው ከመሥመሩ ወጥቷል፤ ሁኔታውን ከግምት አስገብቼ ዳግመኛ አላስፈረምኩትም። 4 ሰዓት ከ52 ላይ ፕላስተሩን በአንድ ጉተታ ቀደድኩ። ማሽኑን ገመዱ ላይ ሰካነው፤ አረንጓዴው መብራት ወዲያው በራ። ልጁ ቱቦውን ከአፍንጫቸው ሥር አድርጎ፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ «እማዬ፣ መጣ እኮ፤ ይኸው መጣ፤ ሳቢው» ይል ነበር። እየደጋገመ ይል ነበር። ማሽኑ አምቡላንሱ 5 ሰዓት ከ15 ላይ ደርሶ ባለሙያዎቹ እስኪያጠፉት ድረስ ያለ አንዳች እንከን ሠርቷል።

ዕቃው ጉድለት እንዳለበት ተጠይቄ የምመልሰው፣ አንዳችም ጉድለት የለበትም ነው። ካርቶኑን ቀድሜ ብከፍተው ኖሮ ሰው ይተርፍ እንደነበር ተጠይቄ የምመልሰው፣ ይህ የሐኪም ጥያቄ መሆኑን ነው። ጥያቄው ሁለተኛ ጊዜ ሲቀርብልኝ ውኃ ጠይቄ ጠጥቻለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲቀርብልኝ፣ ማሽኑን ሰክቶ ማስነሳት ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ እንደነበር፣ የመደብሩን አሠራር ግን ጥሼ እንደማላውቅ መልሻለሁ። ለደረሰው መዘግየት ምክንያቱ አንድና አንድ ነው፤ ገዢው በርክክቡ ቦታ አልተገኘም። ገዢው ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ወዲያው እከፍት ነበር፤ እኔም እንደማንኛውም ሰው ልብ ያለኝ ሰው ነኝ።

ይህ ቃል ቀስ ተብሎ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የኔው ነው፤ የጨመርኩበትም ያስቀረሁበትም የለም፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ማረሚያ፦ ምስክሩ ከፈረመ በኋላ በማኅደሩ ውስጥ የተገኘው የሽያጭ ውል በመርማሪው ፊት ተነቧል። ምስክሩ ውሉን ሲያነበው ይህ የመጀመሪያው መሆኑን አምኗል። በውሉ ላይ ገዢ ሆነው የፈረሙት ሟች ናቸው፤ የርክክቡ ቦታም የሟች መኝታ ክፍል ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ከላይ በምስክሩ ቃል ውስጥ «ገዢው በርክክቡ ቦታ አልተገኘም» የሚለው ተሰርዞ፣ «ገዢዋ በርክክቡ ቦታ፣ ከዕቃው አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ተገኝተው፣ ለመፈረም እስክሪብቶ ጠይቀው ተከልክለዋል» በሚል ታርሞ ይነበብ።