የጎሹ እገዳ

(በአንድ የግል የከብት ማዳቀያ ጣቢያ፣ መዝገብ ክፍል። የኮርማዎቹ መዝገብ ያዥ ወይዘሮ ደብሪቱ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠዋል፤ የጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ሱራፌል ገብቶ በሩን ዘግቷል።)

ደብሪቱ፦ በሩን ለምን ዘጋኸው? ክፈተው።

ሱራፌል፦ የምጠይቅዎትን ሌላ ሰው እንዲሰማ አልፈልግም፣ እትዬ።

ደብሪቱ፦ እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም። ክፈተው አልኩህ!

ሱራፌል፦ እሺ፣ ይኸው። ጎሹ የሚባለውን ኮርማ ያውቁታል?

ደብሪቱ፦ ስሙን ያወጣሁለት እኔ፣ አላውቀውም? ጽንስ የሚያስወርድ በሽታ ደሙ ውስጥ ተገኝቶ፣ ዘሩ ለገበሬ እንዳይወጣ ታግዷል። ምነው?

ሱራፌል፦ ትናንት እገዳው ተነስቷል። ያነሳው ሰው ስም ደግሞ የእርስዎ ነው።

ደብሪቱ፦ ምን አልክ አንተ?

ሱራፌል፦ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሰርቨሩ ነው። የገባውን ሰው ስም ይመዘግባል።

ደብሪቱ፦ ይሄንን ነው የፈራሁት! የኮርማዎቹ መዝገብ ፕሮግራም እዚህ ጠረጴዛዬ ስር፣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ እያለ፣ ክፍሉን ቆልፌ ከሄድኩ አለቀ፤ ማንም አይነካውም። አንተ መጣህና ወሰድክብኝ።

ሱራፌል፦ ያ ኮምፒውተር እኮ ሊሞት ደርሶ ነበር። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ነበር የሚጮኸው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰውዬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ በስንት መከራ ሰርቨሩ ላይ አስነሳሁት። እርስዎ እዚሁ ወንበርዎ ላይ ሆነው በሪሞት ዴስክቶፕ ከሩቅ ይገቡበታል። ምን ጎደለብዎት?

ደብሪቱ፦ እኔ ከዚህ ሆኜ ከገባሁ፣ ሌላውስ ካለበት ሆኖ አይገባም?

ሱራፌል፦ የይለፍ ቃልዎን ካወቀ ነዋ።

ደብሪቱ፦ እሱን ያወጣህልኝ አንተ ነህ። ከእኔ ሌላ ማን ያውቀዋል? አንተ!

ሱራፌል፦ እኔ ወይፈን ከኮርማ አለይም እትዬ፤ ምን አገባኝ ብዬ?

ደብሪቱ፦ እሱን አንተ ታውቃለህ። ሰሞኑን ደግሞ እየሠራሁ ድንገት ገጹ ድርግም ይልብኛል። ስነግርህ ‹ኔትወርክ ነው› ብለህ ሸኘኸኝ።

ሱራፌል፦ ሲጠፋ የሚያወጣው ጽሑፍ አለ?

ደብሪቱ፦ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይላል። መቼ ልታየው መጣህና!

ሱራፌል፦ እስቲ አሁን ይግቡና ጎሹን ያሳዩኝ።

ደብሪቱ፦ ላሳይህ… ይኸው… ወይኔ! ‹ነፃ› ይላል!

ሱራፌል፦ አልኩዎት እኮ።

ደብሪቱ፦ ዝም በል፣ መጀመሪያ ልመልሰው። ‹ታግዷል›። በቃ። አሁን እን… አየኸው? ጠፋ! ምን ነካህብኝ?

ሱራፌል፦ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው እትዬ። ቆይ… ‹ሌላ ሰው ስለገባ ግንኙነትዎ ተቋርጧል› ነው የሚለው።

ደብሪቱ፦ ምን ማለት ነው?

ሱራፌል፦ በእርስዎ ስም ሌላ ሰው ገባ ማለት ነው። አንድ ስም ሁለት ቦታ አይሠራም፤ ኋላ የመጣው ፊት የነበረውን ያስወጣዋል።

ደብሪቱ፦ እኔ እዚህ ተቀምጬ?

ሱራፌል፦ እኔም እዚህ ቆሜ። ላፕቶፔን ልክፈት። ከየትኛው ኮምፒውተር እንደገባ ሰርቨሩ ያሳየኛል። ትናንት ስሙን ብቻ አይቼ ነበር።

ደብሪቱ፦ ወደዚህ አዙረው። እንዳትሸፍንብኝ።

ሱራፌል፦ ይዩት። የዶክተር ክንዱ ኮምፒውተር ነው።

ደብሪቱ፦ የሥራ አስኪያጃችን? የእኔን የይለፍ ቃል ከየት አመጣው? …ሱራፌል። ቀና በልና እየኝ።

ሱራፌል፦ ‹ለማየት ብቻ ነው› አለኝ። አለቃዬ ጠይቆኝ እንዴት እምቢ ልበል?

ደብሪቱ፦ አሳልፈህ ሰጥተኸኝ ነው እኔን ልትመረምር የመጣኸው?

ሱራፌል፦ የላከኝ እሱ ነው። ‹ሴትዮዋ መዝገብ እየቀየረች ነው፤ ስሟ ያለበትን ከሰርቨሩ አትመህ አምጣልኝ› ብሎ።

ደብሪቱ፦ ወይ ጉድ! በሽታው የተሰራጨ ዕለት ጥፋተኛዋ እኔ ልሆን ነዋ።

ሱራፌል፦ ይቅር ይበሉኝ እትዬ። አሁን ነው የገባኝ።

ደብሪቱ፦ ይቅርታው ይቆየን። ምን እያደረገ ነው?

ሱራፌል፦ እርስዎ የተዉት ገጽ ላይ ነው… እንደገና ‹ነፃ› አደረገው።

ደብሪቱ፦ ለካ ያ የጭነት መኪና ግቢ ውስጥ የቆመው የጎሹን ዘር ሊሸጥበት ነው! የዘር ማከማቻው ሠራተኛ ‹ነፃ› የሚለውን ካየ ያስጭናል። የስንቱ ገበሬ ላም ልታስወርድ ነው፤ ወተቱን የሚጠጣውም ይታመማል። ልታስወጣው ትችላለህ?

ሱራፌል፦ እችላለሁ። ግን እኔ እንደሆንኩ ወዲያው ያውቃል። ኮንትራቴ የሚታደሰው ደግሞ በእሱ ፊርማ ነው።

ደብሪቱ፦ አውቃለሁ። አላስገድድህም።

ሱራፌል፦ ስልኬ… እሱ ነው።

ደብሪቱ፦ አንሳዋ። ምን እንደምትለው እዚሁ ሆኜ ልስማ።

ሱራፌል፦ አቤት ዶክተር… አዎ፣ እሳቸው ክፍል ነኝ… አጣርቻለሁ። ስሙ የእሳቸው ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን የእርስዎ ነው። አሁን አስወጥቼ መግቢያዎን ዘግቻለሁ፤ እትዬ ደብሪቱ እገዳውን እየመለሱ ነው።