የሁሩታው ሪጎሬ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ይሄን ግን በሆዴ መያዝ አቃተኝ። ከአዳማ ወደ ሁሩታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፍቶ የኳስ ጌም ይጫወታል። ከእሱ ወዲያ ያሉት ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

“ይሄ የሁሩታ ሜዳ አይደለም እንዴ?”

“ነው አባባ። የጌሙን ውስጥ ከፍቼ እኔ ነኝ ያስገባሁት።”

“የጌሙ ባለቤቶች ፈቀዱልህ?”

“ጌሙን ገዝቼዋለሁ፤ ኮምፒውተሩም የኔ ነው። የምን ፈቃድ?”

“እንግዲያው እኔንም አስገባኝ። በወጣትነቴ እዚህ ሜዳ ላይ ሪጎሬ ስቼ ዋንጫ አጣን። እስከ ዛሬ ‘ሰማይ ጠላዡ’ ነው የሚሉኝ።”

ልጁ ስማቸውን ጠይቆ ጽፎ አስገባቸው።

“ይኸው፣ ይቺን ይጫኑ።”

ቢስሚላሂ ብለው ተጫኑ። ኳሷ ከግቡ በላይ ሄደች።

“አይዞዎት አባባ፤ የግቡን አግዳሚ ከፍ ላድርግልዎት?”

“ነውር ነው!” አሉ። ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብለው፣ “ምን ያህል ከፍ ይላል?”

በሻሼ አፌን ሸፈንኩ።

በሁለተኛው ምት “ጎል!” ብለው ሲጮኹ ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

ሁሩታ ስንወርድ ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ ጎሉን ላገኘሽው ሁሉ ንገሪ፤ የአግዳሚውን ነገር ግን አደራ!”