ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ

አቶ ኤርጫፎ በገረሴ ገበያ ዳር በቅሏቸውን ከግንድ ጋር ሦስት ጊዜ ቋጥረው ቀና ሲሉ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋን ሔርሜላን ከፊታቸው ቆማ አገኟት። ባያገኟት በወደዱ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ! ወደ ሰፈራችሁ ልወጣ ነበር። የአቶ ነህምያ በሬ በበሽታ ሞተ ተብሎ ሰው ወተታቸውን መግዛት ትቷል፤ ከብቶቻቸውም ወንዝ እንዳይወርዱ ተከልክለዋል። ሲሞት ያዩት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

የአቶ ኤርጫፎ ፊት ተለዋወጠ። በሬውን ለእርሻ የተዋሱት እሳቸው ነበሩ፤ «በሽታ ነው» ብለው ያስወሩትም እሳቸው።

«ድንገት ነው የሞተው» አሉ።

ሔርሜላ ግን ዓይኗ ገመዱ ላይ ነበር። «ይቅርታ ጋሼ፣ በቅሎዋ ብትወድቅ ይህን ቋጠሮ በምን ይፈቱታል?»

«ቋጠሮ የሚቋጠረው እንዳይፈታ አይደለም እንዴ? አባቴም የሚያስረው እንዲሁ ነበር።»

«እንስሳ ደንብሮ ሲስበው እኮ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ያን ጊዜ ጥፍርም ጥርስም አይፈታውም።»

«ኮሌጅ የላኩሽ ገመድ ማሰር ልትማሪ ነው?» አሉ፣ ገበያተኛው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ።

«እሱንም ተምረናል» አለች ሳትቀየም። የእሳቸውን ቋጠሮ ፈትታ ገመዱን በግንዱ አዞረች፤ ከዚያ ጫፉን ሙሉ በሙሉ ከማሾለክ ይልቅ አጥፋ፣ እጥፉን ብቻ አሾልካ አጠበቀችው። «በቅሎዋ ብትስበው ይጠብቃል። አሁን እርስዎ ጫፉን ይሳቡት።»

ሳቡት። ገመዱ ወዲያው ተፈቶ እጃቸው ላይ ቀረ።

ያ በሬ ታስሮበት ከነበረው የማሳ እርከን ጫፍ ተንሸራቶ በአንገቱ ገመድ ሲንጠለጠል፣ ተንበርክከው ቋጠሮውን በጥፍራቸው መቧጠጣቸው ትዝ አላቸው። በዚህ ቋጠሮ ቢሆን አንዴ ስበው ያተርፉት ነበር።

«ልጄ፣ በሽታ አልነበረም» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «ያሰርኩትን መፍታት አቅቶኝ ዓይኔ እያየ ታንቆ ሞተ። አፈርኩና ዋሸሁ።»

«ይህን መስማት የሚገባቸው አቶ ነህምያ ናቸው፣ ጋሼ።»

አለማወቃቸው ሊያሳፍራቸው አይገባም ነበር። የሚያሳፍረው አለማወቃቸውን ለመሸፈን የጎረቤታቸውን ደጅ ማስጠላታቸው ነው።

አመሻሹ ላይ አቶ ነህምያ በቤታቸው ሁሉንም ከአቶ ኤርጫፎ አፍ ከሰሙ በኋላ፣ «በሬዬን የገደለው ገመድ ነው፤ እኔን ከሰው የለየኸኝ ግን አንተ ነህ» አሉ። አቶ ኤርጫፎ አንገታቸውን እንደደፉ ወጡ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ በጉባኤው ፊት ቆመው እውነቱን ተናገሩ። ከዚያ በግቢው ምሰሶ ላይ አዲሱን ቋጠሮ ለማሳየት ሞከሩ፤ መጀመሪያ ተበላሸባቸው። ከሰው መሃል ቀድመው የተጠጉት አቶ ነህምያ ነበሩ።

«ቀስ ብለህ ድገመው» አሉ።

ዛሬ በዚያ ሰፈር የወደቀን ከብት ሕፃን ልጅ እንኳ የገመዱን ጫፍ ስቦ ያስለቅቀዋል፤ የአቶ ነህምያም ወተት እንደ ድሮው ይሸጣል። አቶ ኤርጫፎ ግን ቋጠሮውን ለሰው በሚያሳዩ ቁጥር ከበሬው ሞት ይጀምራሉ፤ የማን በሬ እንደነበረና ማን እንደዋሸም ሳያስቀሩ።